ለልጅ ሳንባ ያልተለካ ማሽን

ስለ ማደንዘዣ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው እንቅልፉን ነው። ልጁ ተኛ፣ ሐኪሙ ቀደደ፣ ሰፋ፣ ልጁ ነቃ፤ በቃ። የሰመመን ባለሙያ ብትጠይቁ ግን ማስተኛቱ ቀላሉ ሥራ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከባዱ ትንፋሹ ነው። ሙሉ ሰመመን ውስጥ የገባ ሰው ጡንቻው ይላላል፣ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋል፣ አንጎሉም «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ ያዳክማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያቆማል። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ሰው ሊተነፍስለት ወይም ትንፋሹን ሊያግዝለት ግድ ነው፤ በእጅ፣ በማሽን ወይም በሁለቱም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ማሽኑ ነው። ፊልምና መጽሐፍ እንደሚሄስ ሁሉ ማሽንም መሄስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ማሽን የሠሪው ሐሳብ ነው፤ ሠሪው ማንን በዓይነ ሕሊናው አይቶ እንደሠራው ብረቱና ቱቦው ይናገራል። የእኔ ክስ ደግሞ ይህ ነው፤ «እንደ እናንተ ላለ አገር ተብሎ የተሠራ» እየተባለ የሚመሰገነው የማደንዘዣ መሣሪያ ስለ መብራት መጥፋት አስቧል፣ ስለ ኦክስጅን እጥረት አስቧል፣ ስለ መለዋወጫ አስቧል። ሲያስብ ግን ጠረጴዛው ላይ የተኛው አዋቂ ነበር።

እስቲ አቦምሳን እናስብ። የአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። ከአሰላ ደጋ ዝቅ ብላ ወደ አዋሽ ቆላ በሚያዘነብለው በኩል ትገኛለች። አንድ የ10 ኪሎ ልጅ፣ ዕድሜው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ ቡአው ታንቆበት ሲያለቅስ አደረ እንበል። የታነቀ ቡአ ጊዜ አይሰጥም፤ ደም ያጣ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ እዚያው መሥራት፣ ወይ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዳማ ሪፈር ጽፎ መኪና መፈለግ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ የተራቀቀ ዕቃ አይፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን የሚወስነው «ይህን ልጅ አስተኝተን ትንፋሹን መጠበቅ እንችላለን ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ለምን ከባድ ሆነ? ነገሩን በጎተራ ላስረዳችሁ።

ሳንባችን ውስጥ አየር አስወጥተን ከጨረስን በኋላም የሚቀር ክምችት አለ። ትንፋሽ ቢቋረጥ ሰውነት የሚበላው ከዚያ ጎተራ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ሰመመን ውስጥ ሆኖ ጎተራው 1500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሰውነቱ በደቂቃ 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይበላል። ጎተራው ሙሉ በሙሉ በኦክስጅን ከተሞላ 7 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል። አሁን ወደ 10 ኪሎው ልጅ ኑ። የልጅ ሰውነት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲታሰብ ከአዋቂው እጥፍ ለሚጠጋ ጊዜ ያህል ይበላል፤ በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ። የደረቱ አጥንት ለስላሳ ስለሆነ ሰመመን ውስጥ ሲገባ ሳንባው ይኮማተራል፤ ጎተራው 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በኦክስጅን ከተሞላ ከ3 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። በተራ አየር ብቻ ከተሞላ ግን ውስጡ ያለው ኦክስጅን ከ42 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ይህ በወረቀት ላይ የተሠራ ሂሳብ ነው፤ በእውነተኛው ሰውነት ውስጥ ልጁ መጥቆር የሚጀምረው ጎተራው ባዶ ከመሆኑ በፊት ነው።

አሰላ ላይ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ 21 በመቶ መሆኑ አልተለወጠም፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ግን ሳስቷል። አቦምሳ ዝቅ ስለምትል ጉዳቱ እዚያ ቀለል ይላል። ለንደን ወይም ቦስተን ተቀምጦ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የጻፈ መመሪያ ይህን ሂሳብ ሁልጊዜ አይሠራልንም።

ሁለተኛው ችግር ጎተራው ሳይሆን መንገዱ ነው። ስትተነፍሱ የምትስቡት አየር ሁሉ ኦክስጅን ወደሚወሰድበት ቦታ አይደርስም። ከፊሉ አፍንጫ፣ ጉሮሮና ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ሳይሠራ ይመለሳል። ይህን ክፍል የሙያው ሰዎች ሙት ቦታ ይሉታል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አሁን 5 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ ውሰዱ። በአንድ ትንፋሽ የሚስበው 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትሩ የራሱ ሙት ቦታ። ቀሪው 25። ለአዋቂ የተሠራ የአየር ማጣሪያ ፊልተር ቱቦው ላይ ብትሰኩበት ፊልተሩ ብቻውን 30 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሙት ቦታ ሊጨምር ይችላል። 25 ሲቀነስ 30! ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ለዓይን የሚተነፍስ ይመስላል፤ ግን የሚስበው ከአንድ አፍታ በፊት ያስወጣውን ያንኑ አየር ነው። ይህን ሂሳብ መጀመሪያ የሠራሁ ቀን አንድ እጅ የማይሞላ ፕላስቲክ ይህን ያህል ማድረጉ ለማመን ከብዶኝ ነበር።

ሦስተኛው የቧንቧው ጥበት ነው። እስቲ በአንድ ወፍራም ስትሮ ተንፍሱ፤ ቀጥሎ በቀጭን ስትሮ ሞክሩ፣ ጥቂት ትንፋሽ ብቻ። ልዩነቱ የስፋቱን ያህል እንዳልሆነ ወዲያው ይገባችኋል። አየር ለስለስ ብሎ በቧንቧ ሲፈስ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ተቃውሞው 2 ጊዜ ሳይሆን 16 ጊዜ ያድጋል። የአዋቂ የአየር ቧንቧ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ ስፋቱ 6 ይሆናል፤ ተቃውሞው ሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ሰውየው ድምፁ ይሻክር ይሆናል። የጨቅላው 4 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በዚያው 1 ሚሊ ሜትር ካበጠ 2 ይቀራል፤ ተቃውሞው 16 እጥፍ። ለዚህ ነው ትንሽ የሰፋ ቱቦ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ በኃይል ማስገባት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጣጣ የሚያመጣው።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዘን ወደ ማሽኖቹ እንሂድ።

ለገጠር ሆስፒታል የሚመከረው ጥንታዊ ሐሳብ «ድሮኦቨር» ይባላል። ሐሳቡ በእውነት ያምራል። የታመቀ ጋዝም መብራትም አይፈልግም፤ በሽተኛው ራሱ ሲተነፍስ የክፍሉ አየር ተስቦ በፈሳሹ ማደንዘዣ ላይ ያልፍና ተኑን ይዞ ይገባል። ፈሳሹን ወደ ተን የሚለውጠው ዕቃ ቬፖራይዘር ነው። በ1950ዎቹ ኦክስፎርድ ውስጥ የተሠራው ኢ ኤም ኦ የተባለው የኤተር ቬፖራይዘር በዚህ መንገድ ብዙ አገር ዞሯል። ኦክስጅን ካለ በጎን ይጨመራል፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም። እንደ መሐንዲስ ኮፍያዬን አነሳለታለሁ።

ግን ስሙን ልብ በሉ። ጋዙን «የሚስበው» በሽተኛው ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው፣ ረጅሙን ቱቦ የሚያሸንፈው የበሽተኛው የራሱ ደረት ነው። ለ60 ኪሎ አዋቂ ይህ ምንም አይደለም። ለ10 ኪሎው ልጅ ግን በቀጭን ስትሮ ላይ ሌላ ስትሮ እንደመቀጠል ነው። በዚያ ላይ ልጁ የሚስበው አየር በጣም ትንሽ ስለሆነ ቬፖራይዘሩ ከተለካበት ክልል በታች ይወርዳል፤ መደወያው ላይ የተጻፈውና ልጁ የሚያገኘው የማደንዘዣ መጠን ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ የሙያው መጻሕፍት ራሳቸው ትንንሽ ልጆችን እንዲሁ በድሮኦቨር እንዲተነፍሱ አታድርጉ ይላሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከሕዝቧ ግማሽ የሚጠጋው ልጅና ታዳጊ በሆነባት አገር «ለዚህ አገር የሚመጥን» የተባለ መሣሪያ ልጆችን በግርጌ ማስታወሻ ካስቀረ የመጠነው ለማን ነው?

ሌላው ጫፍ ዘመናዊው ትልቅ ማሽን ነው፤ ስክሪን፣ ቬንቲሌተር፣ ከግድግዳ የሚመጣ ኦክስጅን። ይህኛው ልጅን አልረሳም፤ የረሳው ሕንፃውን ነው። የግድግዳ ኦክስጅን በሌለበት፣ መብራቱ በሚቆራረጥበት ቦታ ሲተከል የታወቀው ነገር ይከተላል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች የ16 ታዳጊ አገሮችን የሕክምና ዕቃ መዝገብ አሰባስበው ባዩት መሠረት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው መሣሪያ አይሠራም ነበር። በልጅ ላይ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ሌላ ጉድለት አለው። ቬንቲሌተሩ አየር ሲገፋ ቱቦው ራሱ እንደ ፊኛ ትንሽ ይለጠጣል፤ አየሩም ይታመቃል። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት 2 ሚሊ ሊትር ቢጠፋ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ግፊት 30 ሚሊ ሊትር ቱቦው በላው ማለት ነው። አዋቂው ከሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ላይ 30 ቢጎድልበት አይሰማውም። ልጁ የሚሰጠው በጠቅላላ 70 ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን አስልተው ያካክሳሉ፤ አሮጌዎቹና በእርዳታ የሚመጡ ብዙዎቹ ግን አያካክሱም።

ታዲያ ለልጅ የሚሆን ምን አለ? መልሱ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው የ«ቲ» ቅርጽ ያለው ቱቦ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፊሊፕ አይር ኒውካስል ውስጥ ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱ ሕፃናት ማደንዘዣ ይሰጥ ነበር። ሕፃናቱ በጊዜው በነበረው ዕቃ ሲተነፍሱ እየደከሙ፣ እየገረጡ ያስቸግሩታል። አይር ራሱ የተወለደው ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ነበር፤ የእነዚያ ልጆች ጉዳይ ለእሱ የሩቅ አልነበረም። በ1937 ያሳተመው መፍትሔ ሲያዩት ያስቃል። ሦስት አፍ ያለው ቧንቧ፤ በአንዱ ንጹሕ ጋዝ ይገባል፣ አንዱ ወደ ልጁ ይሄዳል፣ አንዱ ክፍት ነው። ቫልቭ የለውም። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የሚሰበር ነገር የለውም። ልጁ ለመሳብ አይታገልም፤ ጋዙ በአፉ ደጃፍ እየፈሰሰ ይጠብቀዋል። በ1950 ደግሞ የሊቨርፑሉ ጃክሰን ሪስ ክፍቱ ጫፍ ላይ ጅራቷ የተከፈተ ትንሽ ከረጢት ጨመረበት። አሁን ባለሙያዋ ጅራቷን በጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ከረጢቷን ስትጨምቅ ትተነፍስለታለች፤ ስትለቅ ራሱ ይተነፍሳል። በጅራቷ መጥበብ ሳንባው ውስጥ ትንሽ ግፊት ስለሚቀር የሚኮማተረው ጎተራ ተነፍቶ ይቆያል። እጇም ይሰማዋል፤ ሳንባው ሲደድር፣ ቱቦው ሲዘጋ፣ ከየትኛውም ስክሪን ቀድሞ የሚያውቀው ያ እጅ ነው። በየካቲት 12 ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ የከንፈርና የላንቃ ስንጥቅ የሚሠራላቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት የሚያልፉበት የሰመመን ጥበብ ሥሩ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ጥሩ ነበር፤ ቀላል ዕቃ አሸነፈ ብለን እናጨበጭባለን። ብዙ ጊዜም የምናነበው እንደዚያ ነው። እኔ ግን በዚህ ጭብጨባ አልስማማም። ቀላልነቱ ነፃ አይደለም፤ ዋጋው ከአፍ ተነስቶ ወደ ሲሊንደሩ ተዛወረ እንጂ።

እንዴት ብትሉ፣ ቲ ቱቦ ቫልቭ ስለሌለው ልጁ ያስወጣውን አየር ጠርጎ የሚያወጣው የሚፈሰው ጋዝ ብቻ ነው። ልጁ በራሱ ሲተነፍስ፣ ያስወጣውን መልሶ እንዳይስብ ፍሰቱ በደቂቃ ከሚተነፍሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። የእኛ 10 ኪሎ ልጅ በአንድ ትንፋሽ 70 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 30 ጊዜ፤ 2.1 ሊትር። ሁለት ተኩል እጥፉ 5 ሊትር አለፈ። ሰውነቱ በደቂቃ የሚበላው 60 ሚሊ ሊትር እንደነበር አስታውሱ። ከምናፈሰው መቶ እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ይበላል፤ ቀሪው በጅራቷ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል፤ ከማደንዘዣው ተን ጋር። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱትም ያንን ነው። በአንጻሩ ትልቁ አዋቂ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኬሚካል በሚያጠራ የሚሽከረከር ቱቦ ላይ ሆኖ በደቂቃ 1 ሊትር ሊበቃው ይችላል። ትንሹ በሽተኛ ትልቁን ፍሰት ጠየቀ!

ይህ ለአቦምሳ ምን ማለት ነው? የተለመደው የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ አየሩን አጣርቶ ኦክስጅን የሚያወጣው ሳጥን፣ አቅሙ በደቂቃ 5 ሊትር ነው፤ ትልልቆቹ 10 ይደርሳሉ። ባለ 5ቱ ለዚህ ልጅ አፍ አፉ ላይ ነው፤ ለ15 ኪሎው ልጅ አይበቃም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዜሮ ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጊዜ የጎተራዋ ጊዜ ናት። ሙሉ ትልቅ ሲሊንደር 6000 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በደቂቃ 6 ሊትር ቢለቀቅ ከ16 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ጥሩ ይመስላል፤ ሲሊንደሩ ሞልቶ ከመጣ፣ መኪናው መንገድ ላይ ካልቀረ፣ ዋርዱ ውስጥ የሳንባ ምች የያዛቸው ልጆችም ያንኑ ሲሊንደር ካልፈለጉት። ጤና ሚኒስቴር በ2016 (እ.ኤ.አ.) ለኦክስጅንና ለፐልስ ኦክሲሜትር ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ ማውጣቱ፣ በዚያው ሰሞን ሳልትስ በሚባለው ፕሮግራም አስተማማኝ ቀዶ ሕክምናን አገራዊ አጀንዳ ማድረጉ ትክክለኛ አቅጣጫ ነበር። የእኔ ቅሬታ ሁለቱ ጉዳዮች እንደ ሁለት ፋይል መታሰባቸው ላይ ነው። ለልጅ ግን ኦክስጅኑና ማደንዘዣው አንድ ቱቦ ናቸው።

በመካከል አንድ ብልሃት ነበረ፤ ዛሬ ብዙ ሰው አያነሳውም። ፋርማን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ለኢ ኤም ኦ የሚገጠም ትንሽ ዕቃ ሠራ። ጥቂት ኦክስጅን በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲወረወር ዙሪያውን ያለውን አየር ጎትቶ ይዞ ይሄዳል፤ በዚህ ትንሽ የኦክስጅን ፍሰት ለቲ ቱቦ የሚበቃ ትልቅ ፍሰት ይሆናል። ድሮኦቨሩን ወደ ልጅ መሣሪያ ለወጠው ማለት ነው፤ ያለ ሞተር። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ የሚጎተተው ተራ አየር ስለሆነ ኦክስጅኑ ይቀጥናል፤ አሰላ ከፍታ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ችግሩን በትክክል ያየ ሰው ሥራ ነው። ማላዊ ውስጥ የሠራው ሐኪም ፖል ፌንተን የጠነሰሰው ዩኒቨርሳል የማደንዘዣ ማሽንም ሌላ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ኮንሰንትሬተሩን እሆዱ ውስጥ ይዞ ይሠራል፤ ኦክስጅን ሲቋረጥ የክፍሉን አየር መሳብ ይችላል። ትንሽ የጎደለው ሁሉም የሚጎድለው ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚቀረው ያ ለአዋቂ የሚመቸው የመሳብ መንገድ ነው።

ስለ መቆጣጠሪያዎቹ ባጭሩ። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በ1974 መሠረቱን የጣለው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ በብርሃን የደምን ኦክስጅን የሚለካው፣ በእኔ ግምት የዘመናችን ትልቁ የማደንዘዣ ደኅንነት ዕቃ ነው። ከ2011 ወዲህ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ርካሽና ጠንካራ ኦክሲሜትር ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገር አሰራጭቷል። ግን የአዋቂ ጣት መቆንጠጫ ጨቅላ ጣት ላይ አይቆምም፤ ይንሸራተታል፣ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ባለሙያዎች የእግር አውራ ጣት፣ መዳፍ ሲሞክሩ ደቂቃዋ ታልፋለች። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ደግሞ መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው በሽተኞች ላይ የተደበቀ የኦክስጅን ማነስን ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ለሚጠጋ ጊዜ እንደሚስት አሳየ። እኛ ጋ ይህን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ከሁሉ በላይ ኦክሲሜትር የሚነግራችሁ ያለፈውን ነው። ቱቦው በስህተት ጨጓራ ውስጥ ቢገባ ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ መልካም ሆኖ ይቆያል፤ ከወጣው ትንፋሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖሩን የሚያይ መርማሪ ግን በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2018 ባወጡት መስፈርት ቱቦ ለሚገባላቸው በሽተኞች ይህን መርማሪ አጥብቀው ከሚመክሯቸው ዕቃዎች ተርታ ያሰለፉት ለዚህ ነው።

«ሰውየው ጥሩ ከሆነ ዕቃው ምንም አይደል» የሚል ክርክር እሰማለሁ፤ «ዕቃው ጥሩ ከሆነ ሰው ይለምደዋል» የሚልም። ሁለቱንም የሚያፈርስ ምሳሌ ከኦፕራሲዮን ክፍል ውጭ አለ። በብርቱ የሳንባ ምች የተያዙ ልጆችን በውሃ ጠርሙስ ግፊት የሚያግዝ፣ በብል ሲፓፕ የሚባል ቀላል ዕቃ አለ፤ የትንፋሽ መውጫ ቱቦው ውሃ ውስጥ ይጠመቃል፣ የጠለቀበት ልክ ግፊቱ ይሆናል። የጃክሰን ሪስ ከረጢት በጣት የሚያደርገውን ይህ በውሃ ያደርጋል። በማላዊ የተደረገው ሙከራ ውጤት በ2019 ሲታተም አስደነገጠ፤ በዕቃው የታገዙት ልጆች ሞት ተራ ኦክስጅን ከተሰጣቸው በልጦ ተገኘ። በኢትዮጵያ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የተደረገው ሙከራ ግን በ2024 ሲታተም ተቃራኒውን አሳየ፤ ዕቃው የሕክምናውን መክሸፍም ሞትንም ቀነሰ። ፊዚክሱ አንድ ነው፤ ውሃው አንድ ነው። የተመረጡት ልጆች አንድ ዓይነት አልነበሩም። የሚበልጠው ልዩነት ግን እኔ እንደማነበው አልጋው ዙሪያ ነበር፤ በኢትዮጵያው ሙከራ ሐኪሞች በየጊዜው እየተመለከቱ ያስተካክሉ ነበር፤ በማላዊው ግን የሐኪም ክትትል እንደዚያ ቅርብ አልነበረም።

እኛ ጋ ማደንዘዣ በብዛት የሚሰጡት የሰመመን ሐኪሞች ሳይሆኑ በዚሁ ሙያ የተመረቁ አንስቴቲስቶች ናቸው፤ ዘመም ባለ ከተማ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን። አጭር ኦፕራሲዮን ሲሆን ኬታሚን ይመርጣሉ፤ ልጁ በራሱ እየተነፈሰ ስለሚቆይ። ብልህ ምርጫ ነው። አንዳንዱ ሰው ግን ይህን «ኋላቀርነት» ሲል እሰማለሁ፤ አይደለም። በእጃቸው ያለው ማሽን ልጅን እንደማይመጥን ከሻጩ በላይ ስለሚያውቁ ነው።

ወደ ግዢው ልምጣ፤ መሐንዲስ ጥፋተኛ የሚሆነው እዚያ ነውና። እኔ ካየኋቸው የግዢ ዝርዝሮች በአንዱ፣ የተቋሙን ስም ልተወው፣ ስለ ልጆች የተጻፈው ሁለት ቃል ነበር፤ «ለአዋቂና ለሕፃናት»። ስለ ቬንቲሌተሩ ስክሪን ስፋት ግን ግማሽ ገጽ። ሻጩ «አዎ» ብሎ ምልክት አደረገ፤ ማሽኑ መጣ፤ አብሮት የመጣው ቱቦ የአዋቂ፣ ከረጢቱ ባለ 2 ሊትር፣ ማስኩ ትልቅ። ሻጩ አልዋሸም። የጠየቅነው ጥያቄ ነው «አዎ» ለማለት ያመቸው። ግማሽ ሊትር ከረጢት ያለው የጃክሰን ሪስ ቱቦ፣ ትንንሾቹ ማስኮች፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ጀምሮ በግማሽ ግማሽ የሚያድጉ የጉሮሮ ቱቦዎች፣ የሕፃን ፊልተር፣ የሕፃን ኦክሲሜትር መቆንጠጫ፤ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከማሽኑ ዋጋ አጠገብ ኢምንት ናቸው። ግን ኢምንት ስለሆኑ ማንም በስማቸው ጨረታ አያወጣም፤ ሲያልቁም ማንም በስማቸው አይጮኽም።

የርክክብ ፈተናውም እንዲሁ ነው። ማሽን ሲገባ ባለሙያ መጥቶ ያበራዋል፣ መብራቶቹ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ሰነድ ይፈረማል። የሚሞከረው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ሳንባ በሚመስል ከረጢት ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ፈተና ነው፤ 70 ሚሊ ሊትር የምትቀበል ትንሽ የሙከራ ሳንባ ይሰካ፣ የልጅ ቱቦ ይገጠም፣ በቱቦው ጫፍ በእውነት የሚደርሰው አየር ይለካ። ከዚያ አንድ ሰው ሄዶ የክፍሉን መብራት ያጥፋ። ጄኔሬተር ሳይነሳ፣ ያች ትንሽ ሳንባ ለ10 ደቂቃ በሚገባው ፍሰት መተንፈስ ከቀጠለች ይፈረም። ካልቀጠለች ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ይመለስ፤ ወይም ቢያንስ ማሽኑ ጎን ላይ «ከ20 ኪሎ በታች አይሆንም» ብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍበት፤ ሌሊት ተረኛዋ አንስቴቲስት የታነቀ ቡአ ይዞ የመጣ ልጅ ሲደርስባት ሪፈሩን ወዲያው እንድትጽፍ።